የቀረውን መጠበቅ፦ የጥርስ ጥገና ቁሶችና የፍጥረት ጥያቄ

የሰው ልጅ በሕመም ወይም በአደጋ የጎደለውን የአካል ክፍል ከምድር በወጣ ብረት፣ በሸክላ ወይም በቤተ ሙከራ በተቀመመ ውሕድ ሲተካ፣ ፈጣሪ የሰጠውን እየመለሰ ነው ወይስ ፈጣሪ ባልሰጠው ላይ እየጨመረ ነው የሚለው ጥያቄ ከሕክምና ጥበብ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ጥያቄው ስለ ልብ ንቅለ ተከላ ሲነሣ ክብደቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ስለ ጥርስ ሙሌት ሲነሣ ግን አብዛኛው ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ይሁን እንጂ በሰው አካል ውስጥ ከሚገቡት ባዕድ ቁሶች ሁሉ የጥርስን ሙሌት ያህል የተስፋፋ የለም፤ ከዚህም በላይ ጥርስ ከፊሉ ራሱን መጠገን የሚችል፣ ከፊሉ ደግሞ ፈጽሞ የማይችል በመሆኑ፣ የተፈጥሮ ድርሻ የት እንደሚያበቃና የሰው እጅ ድርሻ ከየት እንደሚጀምር ከሌላው አካል ይልቅ አጥርቶ ያሳያል።

የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን የሆነ፣ ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ የጠነከረ ሽፋን ሲሆን፣ ኢናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ድድን ሰንጥቆ ሲወጣ አብረው ስለሚጠፉ ከዚያ በኋላ የተቦረቦረው ክፍል እንደ ቆዳ አይሽርም፣ እንደ ተሰበረ አጥንትም አይገጥምም። ማዕድኑ ሳስቶ ገና ያልተቦረቦረ ኢናሜል በምራቅና በፍሎራይድ ርዳታ መልሶ ሊጠነክር ይችላል፤ ቀዳዳው ከተከፈተ ግን ከውጭ ካልተደፈነ በቀር የሚዘጋበት መንገድ የለም። ከኢናሜል ሥር ያለውና ዴንቲን የተባለው ክፍል በአንጻሩ ሕያው ነው፤ ኦዶንቶብላስት የሚባሉት ሠሪዎቹ ደምና ነርቭ ባለበት በጥርሱ ለስላሳ እምብርት፣ ማለትም በፐልፑ ዳርቻ ተሰልፈው ዕድሜ ልክ ስለሚቆዩ፣ አደጋ ሲቃረብ አዲስ ዴንቲን እየሠሩ፣ ወደ ውስጥ እያፈገፈጉ ይከላከላሉ።

አሪስቶትል «ፊዚክስ» በተባለው ሥራው ሁለተኛ መጽሐፍ፣ ተፈጥሯዊ የሆነ ነገር የለውጡ ምንጭ በራሱ ውስጥ ያለ መሆኑን፣ የሰው ጥበብ ደግሞ በአንድ በኩል ተፈጥሮ ከዳር ማድረስ ያልቻለችውን እንደሚፈጽም፣ በሌላ በኩል እርሷኑ እንደሚመስል ያስረዳል። ይህ አስተሳሰብ በአንድ ጥርስ ላይ ሲታይ ሁለት የተለያዩ ግዴታዎችን ይወልዳል፤ የለውጥ ምንጩ ከውስጡ በጠፋው በኢናሜል ዘንድ ጥበብ የሌለውን የመተካት ሥራ ሲኖረው፣ ምንጩ ባልነጠፈበት በዴንቲን ዘንድ ግን ለተፈጥሮ ጊዜና መጠለያ ከመስጠት ያለፈ ድርሻ ሊኖረው አይገባም። የጥርስ ጥገና ቁሶች ያለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ታሪክም፣ በጥልቀት ሲመረመር፣ እነዚህን ሁለት ግዴታዎች ለይቶ ለማወቅ የተደረገ ረጅም ትግል ሆኖ ይገኛል።

ሃይማኖቶች በዚህ ጉዳይ ላይ ያሉት ነገር ከሚገመተው በላይ ዝርዝር ነው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ባሰባሰቧቸው ሐዲሶች እንደሚነገረው፣ ዐርፈጃ ኢብን አስዐድ የተባለ ሰው በኩላብ ጦርነት አፍንጫውን አጥቶ የብር አፍንጫ ቢያሠራ ሽታ ስላመጣበት፣ ነቢዩ ሙሐመድ በወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። ወርቅ ለወንድ ጌጥነት የተከለከለ ሆኖ ሳለ ለጥገና መፈቀዱን የተመለከቱ የሕግ ሊቃውንት፣ የተነቃነቀ ጥርስን በወርቅ ማሰር ይገባል ወይስ አይገባም ወደሚለው ክርክር ተሸጋገሩ፤ አቡ ሐኒፋ ብር እስካለ ድረስ ወርቅ አያስፈልግም ሲሉ፣ ደቀ መዝሙራቸው ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ ወርቁንም ፈቀዱ። በሌላ በኩል ለውበት ሲሉ ጥርሳቸውን ሞርደው የሚያራርቁ ሴቶች የአላህን ፍጥረት የሚለውጡ ተብለው የተወገዙበት ሐዲስ አለ። ከሁለቱ ተነጥሎ የሚወጣው መርሕ ግልጽ ነው፤ የጠፋውን መመለስ የተፈቀደ፣ የተሰጠውን ጤነኛ አካል ለጌጥ ሲባል መቁረጥ ደግሞ የተነቀፈ ነው።

ክርክሩ በሌሎችም ዘንድ አለ። የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ የሆነው ሚሽና ስለ ሰንበት በሚያወሳው ክፍሉ፣ ሴት የወርቅ ጥርስ አድርጋ በሰንበት ወደ አደባባይ ብትወጣ ረቢ ይሁዳ ሃናሲ ሲፈቅድ ሌሎቹ ሊቃውንት እንደከለከሉ ይመዘግባል፤ ጥያቄው ጥርሱ የአካሏ ክፍል ነው ወይስ ወልቆ በእጅ ሊያዝ የሚችል ሸክም ነው የሚል ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመጻሕፍት ቁጥር የሚገባው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪም እንዲከበርና ከምድር የተገኘ መድኃኒት እንዳይናቅ ሲያስተምር፣ የመድኃኒቱን ምንጭ የሚያደርገው ራሱን ፈጣሪን ነው። በዘመናችን ያሉ የእስልምና ሊቃውንትም የገላ ትጥበት በሆነው በጉስል ጊዜ ውኃ ከሙሌት ሥር መድረስ አለበት ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ያለ ጉዳት ሊወጣ የማይችል ሙሌት እንደ ጥርሱ ተቆጥሮ በላዩ ላይ የፈሰሰው ውኃ ይበቃል የሚሉት በርካቶች ናቸው። ባዕድ የነበረው ቁስ ከሕያው አካል ጋር መለየት እስኪያቅት ከተጣበቀ በሕግ ዓይን የሰውየው አካል ይሆናል ማለት ነው።

ነገር ግን በመመለስና በመለወጥ መካከል የተሰመረው ይህ ወሰን አንድ ጉዳይ ሳይነካ ያልፋል። የጠፋውን ለመመለስ ሲባል ካልጠፋው ምን ያህሉን ማጥፋት ይፈቀዳል? አሳቡ ንጹሕ፣ ዓላማውም ፈውስ የሆነ ሐኪም እንኳ ሙሌቱ ቦታ እንዲይዝለት ጤነኛውን ጥርስ ሊቆርጥ ይችላል፤ ቆርጦም ኖሯል። የቁሶቹ ታሪክ ለሥነ ምግባርና ለሃይማኖት ትምህርት የሚሆን ቁም ነገር የሚይዘው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሐኪሙ ለጤነኛው አካል ያለበትን ግዴታ ወሰን ለረጅም ዘመን ሲወስን የነበረው ኅሊናው ሳይሆን በእጁ የነበረው ቁስ ነበር።

አማልጋም የብርን፣ የቆርቆሮንና የመዳብን ብናኝ ከሜርኩሪ ጋር በመለወስ የሚሠራ፣ በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ የሆነ ሙሌት ነው። በእንግሊዝና በፈረንሳይ የታወቁት የክራውኩር ወንድማማቾች በ1833 (እዚህና ወደፊት ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ንጉሣዊ የማዕድን ምትክ ብለው በሰየሙት አማልጋም ኒው ዮርክ ገብተው መሥራት ሲጀምሩ፣ የተበላሸውን ክፍል ሳይጠርጉ በላዩ ይደፍኑ ስለነበር ታላቅ ቁጣ አስነሡ። በ1840 የተቋቋመው የአሜሪካ የጥርስ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱ አማልጋም ላለመጠቀም በፊርማቸው ቃል እንዲገቡ እስከ ማስገደድ ደረሰ፤ ሆኖም ወርቅ የማይገዛው ብዙኃኑ ሕዝብ ርካሹን ሙሌት ስለፈለገ ማኅበሩ በክርክሩ ተከፋፍሎ በ1856 ፈረሰ። ውዝግቡ በላይ በላዩ ሲታይ ስለ ሜርኩሪ መርዛማነት ይምሰል እንጂ፣ ከሥሩ የነበረው ፍጹሙን ለጥቂቶች ማድረግ ይሻላል ወይስ የሚበቃውን ለብዙዎች የሚለው፣ እስከ ዛሬ ያልተቋጨው የፍትሕ ጥያቄ ነው።

አማልጋምን አስተማማኝ ቅይጥ ያደረገውና የጥርስ አሞላልን ወደ ሥርዓት ያመጣው አሜሪካዊው ጂ. ቪ. ብላክ ነው። አማልጋም ከጥርስ ጋር አይጣበቅም፤ ቦታውን የሚይዘው ጉድጓዱ ከአፉ ይልቅ ከሥሩ ሰፋ ተደርጎ ሲቆረጥ ብቻ ነው፤ ሲያላምጡበትም እንዳይሰበር ቢያንስ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል የሚሆን ውፍረት ይሻል። ብላክ በዚህ ላይ፣ ሕመም በቀላሉ የሚጀምርባቸው የጥርሱ ስንጥቆች ገና ሳይታመሙ ተቆፍረው ከሙሌቱ ጋር እንዲካተቱ አዘዘ፤ የለሰለሰ ዴንቲንን ከመተው ይልቅ ፐልፑን መግለጥ ይሻላል እስከ ማለትም ደርሷል። በዚህ ሥርዓት የስንዴ ቅንጣት የማታህል ቀዳዳ ጤነኛውን የመንጋጋ ጥርስ ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ቦይ ታስቆፍር ነበር፤ ግድግዳው የሳሳው ጥርስ ከዓመታት በኋላ ሲሰነጠቅ ሙሌቱ ይሰፋል፣ ቀጥሎ በክራውን፣ ማለትም ጥርሱን ሁሉ በሚያለብስ ቆብ ይሸፈናል፣ በመጨረሻም ይነቀላል። ብላክ ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ሥርዓቱ በዘመኑ ከነበረው የተሻለ፣ ለብዙ ሚሊዮን ጥርሶችም መትረፊያ የሆነ ነበር። የጤነኛውን መቆረጥ የጠየቀው ሕመሙ ሳይሆን ብረቱ ቢሆንም፣ ከብረቱ በቀር ሌላ ባልነበረበት ዘመን ሁለቱን መለየት የሚችል ዓይን አልነበረም።

ያንን ዓይን የከፈተው ግኝት መነሻው ከሕክምና ውጭ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ማይክል ቡኖኮር በኢንዱስትሪ ውስጥ ቀለም ከብረት ጋር አጥብቆ እንዲይዝ ብረቱ አስቀድሞ በፎስፎሪክ አሲድ እንደሚታጠብ ተመልክቶ፣ ያንኑ በኢናሜል ላይ በመሞከር ውጤቱን በ1955 አሳተመ። በ1962 ራፋኤል ቦወን ቢስ-ጂኤምኤ በተባለው ሬዚን፣ ማለትም ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ በሚደድር ሙጫ መሰል ውሕድ ላይ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ይህ ሬዚን የመስታወት ብናኝ ተቀላቅሎበት ኮምፖዚት ለተባለው የጥርስ መልክ ላለው ሙሌት መሠረት ሆነ። ጃፓናዊው ኖቡኦ ናካባያሺ ደግሞ በ1982 ሬዚኑ በአሲድ በተገለጠው የዴንቲን የኮላጅን መረብ ውስጥ ሰርጎ ሲደርቅ፣ ግማሹ ከጥርስ ግማሹ ከሬዚን የሆነ ቀጭን ድብልቅ ንጣፍ እንደሚፈጠር አሳየ። የሕግ ሊቃውንት በሙግት የፈለጉት በሕያውና በባዕድ መካከል ያለው ወሰን፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ መስመር ሳይሆን ሁለቱም የሚኖሩበት አገር ሆኖ ተገኘ።

ሥራውን በቅርብ ለተመለከተው የለውጡ ትርጉም ይበልጥ ይጎላል። ሐኪሙ ጥርሱን ከምራቅ ለይቶ አሲዱን በኢናሜሉ ላይ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ያቆየዋል፤ አጥቦ ሲያደርቀው የሚያብረቀርቀው ገጽ ደብዝዞ እንደ ኖራ ይነጣል፤ ይህ ንጣት በዓይን የማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች መከፈታቸውን የሚያመለክት ነው። ቀጭኑ የማጣበቂያ ፈሳሽ በእነዚያ ቀዳዳዎች ገብቶ በሰማያዊ ብርሃን ሲደርቅ እንደ ሥር ይጨብጣል፤ በላዩም ኮምፖዚቱ በስስ በስሱ እየተነባበረ ይሞላል። ከዚህ በኋላ ጉድጓዱ ከሥሩ ሊሰፋ፣ ያልታመመው ስንጥቅም ሊቆፈር አያስፈልግም፤ የሚወገደው የታመመው ብቻ ነው፣ የቀዳዳውንም ቅርጽ የሚወስነው ብረቱ ሳይሆን ሕመሙ ነው። ጤነኛው ክፍል ለጥገናው የሚከፍለው መሥዋዕት በአንድ ጊዜ እጅግ አነሰ፤ ትናንት እንደ ግዴታ ይታይ የነበረው መቁረጥ ዛሬ ምክንያት የሚጠየቅበት ሆነ።

ይህ ማለት ግን አዲሱ ቁስ እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። ኮምፖዚት ሲደርቅ በመጠኑ ከ2 እስከ 3 በመቶ ገደማ ስለሚኮማተር ከጥርሱ ግድግዳ ተላቅቆ ክፍተት ሊፈጥር ይችላል፤ በሥራው ጊዜ ምራቅ ወይም ደም ከነካው አይጣበቅም፤ ጊዜና ጥንቃቄም ይጠይቃል። መብራት በብዛት በሚጠፋበት፣ ብዙ ሕመምተኛም ለአንድ ባለሙያ በሚሰለፍበት ቦታ እነዚህ ጉድለቶች ቀላል አይደሉም። አለን ዊልሰንና ብራያን ኬንት በለንደን የሠሩትና በ1972 ያስተዋወቁት ግላስ አዮኖመር የተባለው ሲሚንቶ ለዚህ የተለየ መልስ ይዞ መጣ፤ ከጥርሱ ካልሲየም ጋር በኬሚካል ራሱ ይጣበቃል፣ እርጥበትን ከሬዚን ይልቅ ይችላል፣ ፍሎራይድም ቀስ በቀስ ይለቃል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ዮ ፍሬንከን በታንዛኒያ የጀመሩት ዘዴ በዚህ ሲሚንቶ ላይ የቆመ ነው፤ መሰርሰሪያም ኤሌክትሪክም ሳያስፈልግ የለሰለሰው ክፍል በእጅ መሣሪያ ተጠርጎ ሲሚንቶው በጣት ተጭኖ ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግላስ አዮኖመርን በ2021 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በጥንካሬው ከኮምፖዚትም ከአማልጋምም የሚያንሰው ይህ ቁስ፣ መነቀል ብቻ አማራጭ በሆነባቸው መንደሮች ያስቀረው ጥርስ ሲታሰብ ግን የአንድ ቁስ ደረጃ በቤተ ሙከራ ጥንካሬ ብቻ የሚለካ አለመሆኑን ያስረዳል።

ከዚህም የሚረቀው ለውጥ በጥርሱ ጥልቅ ክፍል ላይ የታየው ነው። በ2016 የታተመ የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች የጋራ ስምምነት፣ ሕመሙ ወደ ፐልፑ በተጠጋበት ሕያው ጥርስ ውስጥ ከፐልፑ በላይ ያለው የለሰለሰ ዴንቲን ሆን ተብሎ እንዲተውና ዳር ዳሩ ብቻ በንጽሕና ተጠርጎ ጥርሱ አየር እንዳያስገባ እንዲታሸግ ይመክራል፤ ምግብ የተቋረጠባቸው ተህዋስያን ይዳከማሉ፣ ኦዶንቶብላስቶቹም ከውስጥ አዲስ ዴንቲን ለመሥራት ፋታ ያገኛሉ። ፐልፑ በተገለጠ ጊዜም ቢሆን፣ ማህሙድ ቶራቢነጃድ በሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ የሠሩትና ከ1993 ጀምሮ የታወቀው ኤምቲኤ የተባለው ከግንባታ ሲሚንቶ ጋር የሚዛመድ ውሕድ በላዩ ሲቀመጥ፣ ሕዋሳቱ ከሥሩ የዴንቲን ድልድይ እንዲሠሩ ያነሣሣል። በብላክ ዘመን እንደ ቸልተኝነት ይቆጠር የነበረው መተው ዛሬ የጥበብ ምልክት ሆኗል። የክራውኩር ወንድማማቾችም ሕመሙን ሳይጠርጉ ደፍነዋል፤ ነገር ግን እነርሱ የተዉት ባለማወቅና በችኮላ ሲሆን፣ የዛሬው ሐኪም የሚተወው የት ድረስ እንደሚጠርግ ለይቶና ዳሩን አትሞ ነው። ከአሪስቶትል አስተሳሰብ ከተወለዱት ሁለት ግዴታዎች አንዱ፣ ለተፈጥሮ ቦታ መልቀቅ፣ በዚህ የሕክምና ዘዴ ውስጥ ሥጋ ለብሶ ይታያል።

የቀረውን የመጠበቅ ግዴታ በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ተወስኖ አይቀርም። በአማልጋም ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ለአብዛኛው ባለ ሙሌት ጉዳት እንደማያደርስ ዋና ዋና የጤና ተቋማት ሲገልጹ ቢቆዩም፣ ከክሊኒክ በፍሳሽ ወደ ወንዝ፣ አስከሬን ከሚቃጠልባቸው ቦታዎችም በጢስ ወደ አየር ይሄዳል፤ ተህዋስያን ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ሲለውጡት በዓሣ በኩል ተመልሶ ወደ ሰው ማዕድ ይመጣል። በ2013 የጸደቀውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት የአማልጋምን አጠቃቀም ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ ያዘዘው፣ የአውሮፓ ኅብረትም ልዩ የሕክምና ምክንያት ካላስገደደ በቀር ከጥር 2025 ጀምሮ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ጥገናው የተሳካለት ሰው ሙሌቱ ሌላ ያልታወቀ ሰው ሲጎዳ ጥገናዬ ንጹሕ ነው ሊል እንደማይችል የሚናገረው ይህ ሕግ፣ ባልንጀራን የመውደድ ትእዛዝ በኬሚስትሪ ቋንቋ የተጻፈበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም ቁሶቹ በተሻሻሉ ቁጥር አሮጌው ፈተና በአዲስ ልብስ ይመለሳል። ሴራሚክ የዛሬውን ያህል ቀጥኖና ተመስሎ ሊሠራ በመቻሉ፣ ምንም ሕመም የሌለባቸው የፊት ጥርሶች ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ተሞርደው በሴራሚክ ቅጠል የሚለበጡበት ልማድ በብዙ አገር ተስፋፍቷል፤ የተሞረደው ኢናሜል ደግሞ፣ ከላይ እንደተገለጸው፣ መልሶ አይበቅልም። ብረቱ ከጤነኛው ላይ ይጠይቅ የነበረውን መሥዋዕት ማጣበቂያው ካስቀረው በኋላ ውበት መልሶ ጠየቀው።

ነገሩ ግን በውግዘት ብቻ የሚቋጭ አለመሆኑን በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ያሉ ማኅበረሰቦች ሁኔታ ያሳያል። በወንጂና በአካባቢው፣ በዝዋይም ዙሪያ በሚገኙ የከርሰ ምድር ውኃዎች ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ወሰን በብዙ እጥፍ የሚበልጥበት ቦታ ስላለ፣ በልጅነታቸው ያንን ውኃ የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸው ከመውጣቱ በፊት ተጎድቶ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል። እነዚህ ሰዎች ነጭ ጥርስ ኖሯቸው አያውቅም፤ ስለዚህ ጥርሳቸውን ማንጣት የጠፋውን መመለስ አይባልም፣ በጥብቅ ቃሉ ከተወሰደ የተሰጠውን መለወጥ ነው። ሆኖም ሳቁን በእጁ የሚሸፍነው ወጣት የሚሻው ጌጥ አይደለም ብሎ መፍረድ ለማንም ከባድ አይሆንም። በመመለስና በመለወጥ መካከል የተሰመረው ወሰን እዚህ ላይ ብቻውን አይበቃም፤ የሚያስፈልገው ምን ይጨመር ከሚለው በፊት ምን ይተርፍ የሚል ሁለተኛ መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ የገጹን ስስ ንጣፍ ብቻ በመጠኑ የሚፍቀው ሕክምና ወይም ያለ ሙረዳ የሚለጠፈው ኮምፖዚት ከሴራሚክ ቅጠሉ ይቀድማል፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ የሚቀድመው ለሚቀጥለው ሕፃን ፍሎራይዱ የቀነሰለት ውኃ ማቅረብ ነው።

እንግዲህ የሰው እጅ በፍጥረት ላይ የሚሠራው ሥራ መልካምነት በአሳቡ ንጽሕና ወይም በቁሱ ረቂቅነት ብቻ ሊመዘን አይችልም። ወርቅም፣ አማልጋምም፣ ሬዚንም፣ ሴራሚክም በየዘመናቸው ፍጹም ተብለው ተወድሰዋል፤ ከእነርሱ የትኛውም ኢናሜልን አልሆነም። የእድገታቸው እውነተኛ መለኪያ ሐኪሙ ቁሱን ለማስገባት ከሕያው አካል ላይ የሚወስደው እያነሰ መሄዱ ነው፤ ቁሱ ይህን ማድረግ በሚያስችልበት ዘመን ደግሞ ከዚያ በላይ የሚወስድ ሐኪም ቁሱን ምክንያት ማድረግ አይችልም። ትናንት ጤነኛውን የቆረጠው ብላክ በብረቱ ተገዶ ነበር፤ ዛሬ የሚቆርጠው ግን በፈቃዱ ስለሆነ፣ ተጠያቂነቱ ከቁሱ ወደ ሰውየው ተላልፏል።